«አብሽር፣ ትደግመዋለህ» ማለት ምን ያቅታል!

ጂማት (የውጭ ቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ለማስተርስ መግቢያ የሚጠይቁት ፈተና) ተፈትኖ ውጤቱ ያላማረለት ሰው ደሴ ውስጥ የሚያገኘው ምክር አንድ ነው። ፒያሳ ማኪያቶ ላይ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ በር ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር፦ «አብሽር፣ ትደግመዋለህ!» በምን ብር? የቱን ክፍል አስተካክሎ? እሱን የሚጠይቅ የለም። ወገን፣ እስቲ ዛሬ ሒሳቡን በግልጽ እናውራው።

ፈተናው ከ250 ዶላር በላይ ነው። እስከ ሐምሌ 2016 ባንክ ዶላሩን በ57 ብር ገደማ ይመነዝር ነበር። ከዚያ ወዲህ ያው የምታውቁት ነው፤ ያው ፈተና በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ደግሞ ብሩ ቢኖርስ? ክፍያው ዓለም አቀፍ ካርድ ይፈልጋል። ስለዚህ ከጥናቱ በፊት ዶላር ካርድ ያለው ዘመድ ፍለጋ ነው። ከዚያ የፈተና ማዕከል ያለው አዲስ አበባ ነው፤ 400 ኪሎ ሜትር መንገድ፣ አልጋ፣ ምግብ። ሙሉ ቀን አውቶቡስ ላይ የተንገላታ ወገብ በማግስቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ስክሪን ላይ አፍጥጦ ይቀመጣል። ይሄ ሁሉ «ትደግመዋለህ» በምትለዋ አንድ ቃል ታልፏል።

«ታዲያ ቤትህ ሆነህ በኦንላይን አትፈተንም?» የሚሉም አሉ። ጥሩ። ደንቡ ምን ይላል? ክፍሉ ውስጥ ብቻህን፣ በሩ ዝግ፣ ጠረጴዛው ባዶ፣ ስልክ ከእጅ የራቀ፣ ተቆጣጣሪ በካሜራ እያየህ። የወሎ ቤት ውስጥ በር ዘግቶ ከሁለት ሰዓት በላይ የተቀመጠን ሰው ማን ዝም ይላል? አንዷ ጎረቤት «ቡና ደርሷል፣ ና እንጂ!» ብላ ብቅ ካለች ፈተናው እዚያው ሊቋረጥ ይችላል፣ ገንዘቡም አብሮ ይሄዳል። መብራትም አለ። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ራውተሩ ግን የለውም፤ መብራት ሲሄድ ዋይፋዩ ቀድሞ ይሞታል። በኦንላይን የምትፈተኑ ለራውተሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚያቆይ ባትሪ) አዘጋጁ፣ የሲስተም ፍተሻውን ፈተናው በሚሆንበት ሰዓትና በዚያው ላፕቶፕ አድርጉት። የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ አትጠቀሙ፤ ፋየርዎሉ ፕሮግራሙን ሊያግደው ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ንዴት። ብዙ ሰው ዝቅተኛ ውጤት የሚያመጣው ከቴሌግራም ባወረደው ፒዲኤፍ ስላጠና ነው። የድሮው ጂማት ጥር 2016 ላይ ቀርቷል! ጂኦሜትሪ ወጥቷል። ዓረፍተ ነገር ማረም ወጥቷል። የጽሑፍ ፈተናው ወጥቷል። ግን አሁንም ቻናሉ ላይ «ምርጥ የጂማት መጽሐፍ» ተብሎ የሚለቀቀው የድሮው ነው፣ ልጁም ለሦስት ማዕዘንና ለሰዋስው ወራቱን ይጨርሳል። የአሁኑ ሦስት ክፍል ነው፤ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ። ኳንት (ሒሳቡ) 21 ጥያቄ፣ ቨርባል (የእንግሊዝኛ ንባብና ምክንያት ማገናዘቡ) 23፣ ዳታ ኢንሳይትስ (መረጃ መተንተኑ) 20። ሦስቱም ለጠቅላላው ውጤት እኩል ይመዝናሉ። ዳታ ኢንሳይትስ ሠንጠረዥ፣ ግራፍ፣ ከብዙ ምንጭ የተሰበሰበ መረጃ፣ ባለ ሁለት ክፍል ጥያቄና «መረጃው ይበቃል ወይስ አይበቃም» የሚለው ነው። ባለ ብዙ ክፍል ጥያቄ ላይ አንዷን ከሳትክ ሙሉው ዜሮ ነው። ካልኩሌተር የሚፈቀደውም እዚያ ብቻ ነው፣ ኳንት ላይ የለም። የውጤቱን ሲሶ የሚይዘውን ክፍል ፒዲኤፉ ምናልባት በአሥር ገጽ ነካ አድርጎት ያልፋል።

ሰዓትም ይገድላል። አንድ ጥያቄ ላይ አምስት ደቂቃ ሙጭጭ ብለው መጨረሻ ላይ ሦስት አራቱን ባዶ ይተዋሉ። ያልተመለሰ ጥያቄ በግምት ከተመለሰው የበለጠ ውጤት ይቀጣል። ገምታችሁ መልሱ፣ ምልክት አድርጉና እለፉ፤ ክፍሉ ሲያልቅ ሰዓት ከተረፈ ተመልሳችሁ እስከ ሦስት መልስ መቀየር ይቻላል።

ከዚያ ደግሞ ማወዳደር። የአሁኑ ውጤት ከ205 እስከ 805 ነው፣ መጨረሻው ሁሌ 5። የድሮው ከ200 እስከ 800 ነበር። የአሁኑ 645 ከድሮው 700 ጋር ይቀራረባል። «የእገሌ ልጅ 680 አምጥቶ ነው የሄደው» የምትሉ፣ በየትኛው መለኪያ? ቁጥሩን ተዉትና ፐርሰንታይሉን (ከመቶ ተፈታኝ ስንቱን እንደበለጣችሁ) እዩ። ሪፖርቱ ላይ ከጠቅላላው ሌላ የየክፍሉ ነጥብ ከ60 እስከ 90፣ የየጥያቄው ዓይነትና የወሰደው ጊዜም አለ። አንዱ ክፍል ብቻ ወድቆ ከሆነ መድገም ዋጋ አለው። ኦፊሴላዊዎቹን ሁለት ነጻ የልምምድ ፈተናዎች በሰዓት ሠርታችሁ ያመጣችሁት ከእውነተኛው ጋር እኩል ከሆነ ግን 16 ቀን ጠብቆ መድገም (ደንቡ የሚፈቅደው ትንሹ ርቀት ነው) ያንኑ ቁጥር በሌላ 250 ዶላር መግዛት ነው።

በጂማት ፈንታ የሚወሰደው ሌላው የመግቢያ ፈተና፣ ጂአርኢስ? ሀርቫርድም ስታንፎርድም የፈረንሳዩ ኢንሲአድም ይቀበሉታል። ቨርባል ላይ ቃላት የሚበዛበት፣ ሒሳቡ ላይ ካልኩሌተር የሚፈቅድ ነው። ኳንት ያቃጠለው ሰው አንድ የልምምድ ፈተና ሠርቶ ሳያየው ለምን ጂማት ላይ ሙጥኝ ይላል? ፈተናውን ጭራሽ የሚምሩ ትምህርት ቤቶችም አሉ፤ ማመልከቻ ከመላክ በፊት ጥያቄ ማቅረብ ነው። ትምህርት ቤቱ የሚያወጣው አማካይ ውጤት ደግሞ ማለፊያ አይደለም፤ ከገቡት ውስጥ ግማሽ የሚያህለው ከአማካዩ በታች ነው።

በነገራችን ላይ ስም! ፓስፖርትና ምዝገባ በእያንዳንዷ የእንግሊዝኛ ፊደል መግጠም አለባቸው። ሰይድና ሙሐመድ በየወረቀቱ በተለያየ ፊደል በሚጻፉበት አገር ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ከበር ያስመልሳል።

ውጤቱ ደካማ ሲሆን ክብደቱ ወደ ቀሪው የማመልከቻ ፋይል ይዞራል፣ እዚያም ሌላ ጣጣ። ማመልከቻው ላይ ከፈለጋችሁ ብቻ የምትጽፉት አማራጭ ጽሑፍ ላይ ስለ መብራት መጥፋት አታልቅሱ። የሒሳብ አቅማችሁን በሥራ አሳዩ፦ የመራችሁት በጀት፣ የቀነሳችሁት የምርት ብክነት፣ ያወጣችሁት የዋጋ ስሌት፣ ሁሉም ከነቁጥሩ። የድጋፍ ደብዳቤው ግን ያናድዳል። አለቃው «አንተው ጻፈውና እፈርምልሃለሁ» ይላል። ትምህርት ቤቱ የደብዳቤውን መሙያ ሊንክ የሚልከው ለአለቃው ነው፣ መልሱ ከእሱ መምጣት አለበት፣ ቢቻል ከመሥሪያ ቤት ኢሜይል። አለቃ ደግሞ ኢሜይሉን የሚከፍተው ስብሰባ ሲጠራ ነው። የሁለተኛው ዙር ማመልከቻ አብዛኛው ጊዜ የሚዘጋው በገና ሰሞን ስለሆነ እስከ ኅዳር አጋማሽ ድረስ ሊንኩ እጁ ይግባ፤ የሠራችሁትን ሥራ በአንድ ገጽ አስታውሱት፣ በየሳምንቱ ቢሮው ብቅ በሉ። ይቆጣል፣ ይቆጣ።