እርማት፦ ጫካው ቢያልቅም ኦክስጅን አያልቅብንም

ሰላም ወንድሜ። ለወጣቶች የምትጽፈውን የሳይንስ ልብ ወለድ መነሻ አነበብኩት። ጅማ አካባቢ ያለው የ«በለጠ ጌራ» ደን የመጨረሻው ዛፍ ሲወድቅ የጅማ ሰው አየር አጥሮት መንገድ ላይ ይዘረራል ብለሃል። ታሪኩ ይዞኛል፤ እዚህች ጋ ግን እርማት አለኝ።

«ደን የዓለም ሳንባ ነው» ሲባል ሰምተን አደግን። አማዞን ብቻውን 20 በመቶ ኦክስጅናችንን ይሰጣል የሚባለውም ከዚያው ወሬ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ያረጀ ደን የሚያመርተውን ኦክስጅን ራሱ መልሶ ይጨርሰዋል። ዛፎቹ ቀንም ሌሊትም ይተነፍሳሉ። የረገፈውን ቅጠል የሚያበሰብሱት ፈንገስና ባክቴሪያም ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ተጣርቶ ሲታይ ትርፉ ዜሮ አካባቢ ነው። አየር ውስጥ ያለው 21 በመቶ ገደማ ኦክስጅን በብዙ ሚሊዮን ዓመታት የተጠራቀመ ስለሆነ ማንም ታፍኖ አይሞትም።

እውነተኛው ጣጣ ግን ለልብ ወለድ ይበልጥ ይመቻል። ዛፍ በሥሩ የሳበውን ውሃ በቅጠሉ ወደ ሰማይ ይመልሳል፤ ደኑ ሲመነጠር ዝናቡም ይዛባል። እንጨቱ ሲቃጠል የያዘው ካርቦን አየር ውስጥ ይገባል። የጫካ ቡና ደግሞ ጥላ ለምዷል፤ ከላዩ ያለው ዛፍ ሲነሳ ቅጠሉ በፀሐይ ይለበለባል። ጀግናዋ ልጅ ጀበና ጥዳ የምትቆላው ቡና ስታጣ አስባት እስቲ! ጅማ ላይ፣ ያውም!

የአያቶች መንፈስ ከዋርካው ውስጥ የሚናገርበትን ክፍል ግን እንዳትነካው። እሱ የነፍስ ጉዳይ ነው፣ ሳይንስ አያርመውም። ምዕራፍ ሁለትን ስትጨርስ ላክልኝ።