ከብሩሹ በፊት የሚደክሙት እጆች

በሕንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በኦዲሻ ግዛት በምትገኘው የፑሪ ከተማ፣ የዝናቡ ወራት ሊገባ ሲል ጃጋናት የተባለው አምላክ በየዓመቱ ይታመማል። እርሱ፣ ወንድሙ ባላባድራና እኅታቸው ሱባድራ በሙሉ ጨረቃ ዕለት ከመንበራቸው ወጥተው ሕዝብ እያያቸው በ108 እንስራ ውሃ ይታጠባሉ፤ ከዚያም ብርድ መታቸው፣ ትኩሳት ያዛቸው ተብሎ ለ15 ቀን ያህል ከሰው ዓይን ይሰወራሉ። ምስሎቹ ከእንጨት ተጠርበው ቀለም የተቀቡ ስለሆኑ ውሃው ቀለማቸውን ያደበዝዘዋል፤ በተሰወሩበት ጊዜም እንደገና ይቀባሉ። ሆኖም በእነዚያ ቀናት ለመሳለም የመጣ ምእመን የሚሰግድለት አያጣም። በጨርቅ ላይ የተሣሉ ሦስት ሥዕሎች ስለ እነርሱ ይቆማሉ፤ አበባውም ጸሎቱም ለሥዕሎቹ ይቀርባል። ሥዕሎቹ አናሳራ ፓቲ ይባላሉ፤ የሚሥሏቸውም ቺትራካር የሚባሉ፣ ሙያውን ከአባት ወደ ልጅ እያወረሱ የኖሩ ቤተሰቦች ናቸው።

ይህን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የአምላክ ሥዕል በማተሚያ ማሽን በአጭር ጊዜ በሺህ በሚባዛበት ዘመን በእጅ መሣሉ ምን ይጨምራል የሚለው ጥያቄ፣ የዕደ ጥበብ ነገር በተነሣ ቁጥር ይሰማል። ጥያቄውን አልንቀውም። ሠዓሊው ራጃ ራቪ ቫርማ እ.ኤ.አ. በ1894 በቦምቤይ ማተሚያ ቤት አቋቁሞ የአማልክቱን ሥዕል በርካሽ ማሠራጨት ሲጀምር፣ ካስት በሚባለው የሕንድ የዘር ክፍፍል ምክንያት የቤተ መቅደስ ደጃፍ እንዳይረግጥ የተከለከለው ሰው ሳይቀር በጎጆው ግድግዳ ላይ የሚጸልይበት ምስል አገኘ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በኮልካታ፣ በካሊጋት ቤተ መቅደስ ዙሪያ ለተሳላሚ ሥዕል እየሸጡ ይኖሩ የነበሩ ሠዓሊዎች ከኅትመቱ ዋጋ ጋር መወዳደር ስላልቻሉ፣ ሙያቸው በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት እየከሰመ ሄደ።

የፑሪው ሥዕል ግን አልከሰመም። ፓታቺትራ ይሉታል፤ ፓታ ጨርቅ፣ ቺትራ ደግሞ ሥዕል ማለት ነው። ከፑሪ ብዙም በማትርቀው በራጉራጅፑር መንደር ዛሬም ቤተሰቦች በየደጃፋቸው ተቀምጠው ይሥላሉ። በእኔ እምነት የዚህ ሙያ ክብደት ያለው ጎብኚው ፎቶ በሚያነሣው የብሩሽ ሥራ ላይ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በፊት ባለው ድካም ላይ ነው።

ሸራው ከገበያ አይገዛም። ያረጀና በመታጠብ ብዛት የለሰለሰ የጥጥ ጨርቅ፣ ብዙውን ጊዜ ሳሪ የሚባለው የሴቶች ልብስ አሮጌው፣ ተደራርቦ ይጣበቃል። ማጣበቂያው የሚሠራው በእኛ አገር ሁመር ወይም ሮቃ ከምንለው ዛፍ ዘር ነው፤ ዘሩ ይዘፈዘፋል፣ ይወቀጣል፣ ከውሃ ጋር እንደ አጥሚት እስኪወፍር ድረስ በእሳት ላይ ይማሰላል። የተጣበቀው ጨርቅ ፀሐይ ላይ ይደርቅና በሙጫ የተለወሰ የጠመኔ ዱቄት ይቀባል። ቀጥሎ ማሸት ነው። መሬት ላይ ተዘርግቶ በመጀመሪያ በሻካራ ድንጋይ፣ ከዚያም በለስላሳ ድንጋይ፣ ጨርቅነቱ ጠፍቶ እንደ ብራና እስኪያንጸባርቅ ድረስ ይታሻል። ይህን ሥራ በአብዛኛው የሚሠሩት የቤቱ ሴቶች ናቸው። በደንብ ያልታሸ ሸራ ቀለሙን ይመጠዋል፤ የሠዓሊው ቀጭን መስመርም ይፈስበታል። እንግዲህ የሠዓሊው እጅ ጥራት ግማሹ የሚስቱ ወይም የእናቱ ክንድ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ቀለሙም እንዲሁ ነው። ነጩ ከተፈጨ የባሕር ዛጎል፣ ጥቁሩ ከመብራት ጥላሸት፣ ቀዩ ሂንጉላ፣ ቢጫው ደግሞ ሀሪታላ ከሚባሉ ማዕድናት ይዘጋጃል፤ ሁሉም በዛፍ ሙጫ ይለወሳል። ብሩሹ የአይጥ ወይም የሙጭልጭላ ጠጉር ነው። ሠዓሊው በቅድሚያ ጠርዙን ከወሰነ በኋላ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጃጋናት ጥቁር፣ ባላባድራ ነጭ፣ ሱባድራ ቢጫ እንዲሆኑ ሥርዓቱ ስለሚያዝ በዚህ ላይ የግል ምርጫ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። የተፈጥሮ ቀለም ሁሉ ጉዳት የለውም ብሎ የሚያምን ገዢ ብዙ ነው። ሀሪታላ አርሴኒክ፣ ሂንጉላም ሜርኩሪ ያለባቸው ማዕድናት ናቸው፤ በዝግ ቤት ሲፈጩ ዱቄታቸው ሳንባ ይገባል። ጥንታዊው ቀለም ይጠበቅ የሚል ሁሉ፣ የሚፈጨው ሰው ጤናም ይጠበቅ ማለት አለበት። በፋብሪካ ቀለም የሚሠራውን ሠዓሊ ለመውቀስ እኔ በበኩሌ አልቸኩልም። የምቃወመው ያንኑ ሥራ የማዕድን ቀለም ነው ብሎ መሸጥን ነው።

ራጉራጅፑር እ.ኤ.አ. በ2000 የቅርስ መንደር ተብላ ተሰይማለች፤ የኦዲሻ ፓታቺትራም ስሙ በሕግ የተጠበቀ የአካባቢ ምርት ሆኗል። ሁለቱም በጎ ናቸው። ይሁን እንጂ ገበያው የሚመዝነው የሥዕሉን ስፋትና የመስመሩን ቅጥነት ነው፤ ለሁለቱ ድንጋዮች ዋጋ የሚቆርጥላቸው የለም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2019 ፋኒ የተባለው አውሎ ነፋስ ፑሪንና አካባቢዋን ሲመታ በመንደሯ ሥዕሎች ተበላሽተዋል። የተበላሸውን ሥዕል መልሶ ለማግኘት አሮጌ ጨርቅ ከመሰብሰብና ዘር ከመዘፍዘፍ መጀመር ግድ ይላል፤ ለሸራው ዋጋ ያልተሰጣት ሴት ግን ያንን ድካም በነጻ እንድትደግመው ይጠበቅባታል።

ሂንዱ ያልሆነ ሰው የፑሪን ቤተ መቅደስ ደጃፍ እንዲያልፍ አይፈቀድለትም። ስለዚህ እንደ እኔ ላለ የውጭ ሰው ከጃጋናት መንበር ጋር የሚያገናኘው ቅርብ ነገር ይህ ሥዕል ነው፤ ስንገዛም በአግባቡ መግዛት አለብን። በእኔ ሐሳብ ነጋዴዎች፣ የመንግሥት የዕደ ጥበብ መደብሮችና የሠዓሊዎቹ ማኅበራት ሊያደርጉት የሚገባው ነገር ከባድ አይደለም። የሸራው ዋጋ ከሥዕሉ ዋጋ ተለይቶ ይቆረጥ፤ ክፍያውም በቀጥታ ላዘጋጀችው ሴት ይሰጥ። በሥዕሉ ጀርባም፣ ቦታው ባዶ ነውና፣ ቀለሙ ከምን እንደተሠራ፣ ሸራውን ማን እንዳጣበቀችና ማን እንዳሸች ከሠዓሊው ስም ጋር ይጻፍ።