ኔቱን ብቻ የምትጠይቁ ወገኖች ሆይ

ሥራ ስትቀጠሩ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «ኔት ስንት ይደርሰኛል?»፣ ማለትም ሁሉ ተቆርጦ እጄ የሚገባው ስንት ነው የሚል ነው። ከሚቆረጠው ውስጥ የትኛው ግብር፣ የትኛው የጡረታ መዋጮ እንደሆነ ለይቶ ጠይቆ የሚፈርም ጥቂት ነው። ሁለቱንም «መንግሥት የሚወስደው» ብላችሁ ባንድ ላይ ታማርራላችሁ። ግብሩ ሄዷል። መዋጮው ግን የእናንተ የነገ እንጀራ ነው፤ ዛሬ ችላ ካላችሁት በስልሳ ዓመታችሁ የሚመልስላችሁ የለም።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ለጡረታ የነበራቸው አመለካከት ከኑሯቸው የመጣ ነው። ለረጅም ዘመን ጡረታ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የወታደርና የፖሊስ ነበር። በግል ድርጅት፣ በጋራዥ፣ በሱቅ ሲሠራ የኖረ ሰው መጦሪያው ልጁ ነበር። «የመንግሥት ሥራ ያዝ» እያሉ የወተወቱንም ለደመወዙ ብዛት ብለው አይደለም፤ ጡረታ አለው ብለው ነው። በ2003 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 715 ወጥቶ የግል ድርጅት ሠራተኛው ሲታቀፍ፣ ፕሮቪደንት ፈንድ (ከሥራ ሲለቁ ባንዴ የሚወጣ የቁጠባ ገንዘብ) የነበራቸው ብዙዎች በዚያው መቀጠልን መረጡ። ባንዴ የሚወጣ ብር ያጓጓል፤ ነገር ግን ያልቃል፣ ዕድሜ ግን ይቀጥላል። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ነው። የዛሬው ወጣት ደግሞ ጭራሽ «ቆርጣችሁ አታስቀምጡልኝ፣ ብሬን ስጡኝ፣ እኔ አሠራዋለሁ» ይላል።

እስቲ ስሌቱን እንየው። የወር ደመወዛችሁ 10,000 ብር ቢሆን ከእናንተ 7 በመቶ፣ ማለትም 700 ብር ይቆረጣል። አሠሪው ከራሱ ኪስ 11 በመቶ፣ 1,100 ብር ይጨምራል። «ቆርጣችሁ አታስቀምጡልኝ» የሚል ሰው 700ውን ለማዳን 1,100ውን ለአሠሪው ይለቃል።

ጡረታ ስትወጡ አበሉ የሚታሰበው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። አሥር ዓመት ላገለገለ 30 በመቶ፣ ከአሥር በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። በ25 ዓመቱ ተቀጥሮ ሳያቋርጥ እስከ 60 የሠራ የ35 ዓመት አገልግሎት ይኖረዋል፤ 61.25 በመቶ ያገኛል። በ40 ዓመቱ «አሁንስ ልመዝገብ» ያለው 42.5 በመቶ። አሥር ዓመት ያልሞላው ወርኃዊ አበል የለውም፤ አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ተቀብሎ ይሸኛል።

አሁን በየመሥሪያ ቤቱ የተለመደውን እንናገር። አሠሪው «15,000 እከፍልሃለሁ፤ ደመወዝህ በፔሮል (በደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩ) ላይ 6,000 ይሁን፣ ቀሪው የትራንስፖርትና የቤት አበል ይባላል» ይላል። መዋጮ የሚታሰበው በደመወዝ ላይ ብቻ ነውና ሠራተኛው በወር 630 ብር የተረፈው ይመስለዋል፤ ደስ ብሎት ይፈርማል። በዚያው ፊርማ አሠሪው በወር 990 ብር ተርፎታል። ይህ ሠራተኛ 24 ዓመት አገልግሎ ቢወጣ ድርሻው 47.5 በመቶ ነው። ደመወዙ 15,000 ተብሎ ቢመዘገብ ኖሮ በወር 7,125 ብር ያገኝ ነበር፤ በ6,000ው ግን 2,850 ብር ብቻ። ልዩነቱ ከወር እስከ ወር፣ እስከ ዕለተ ሞቱ ይከተለዋል። «መጨረሻ ላይ አስተካክለዋለሁ» አትበሉ። ስሌቱ የሚወስደው የ57፣ የ58 እና የ59 ዓመት ደመወዛችሁን ነው። በዚያ ዕድሜ ሌላ ሥራ እንደማታገኙ አሠሪው ስለሚያውቅ ለመደራደር አቅም አይኖራችሁም። መደራደሪያው ጊዜ ጉልበት ሳለ ነው።

ልጆቻችን የሚያነሱት አንድ ክርክር ግን እውነት አለው፤ ልንሸፍነው አይገባም። ብር እየረከሰ ነው፤ ዛሬ በቂ የመሰለ አበል ከዓመታት በኋላ የቤት ኪራይ ላይሸፍን ይችላል። ልክ ናችሁ። ስለዚህ ጡረታ መነሻው ይሁን፣ ሌላውን በላዩ ገንቡ፤ ደመወዝ በገባበት ቀን፣ ወጪ ሳይነካው፣ የተወሰነ መጠን ወደ ሌላ ሒሳብ ይተላለፍ። መሠረቱን ንዳችሁ በምትኩ ምን እንደምታቆሙ ግን ተናገሩ። እቁብ ዕቃ ይገዛል፣ ሱቅ ያስከፍታል፤ ደርሶ ሲወጣ ግን ወዲያው ሥራ ላይ ይውላል እንጂ ለሃያ ዓመት አይቀመጥም። እድር ቀብር ያስፈጽማል። ሁለቱም የሚመሰገኑ ናቸው፤ ለእርጅና የወር አስቤዛ ግን አልተቋቋሙም። «አሠራዋለሁ» የተባለው ብርም ባለቤቱ በድንገት ቢሞት ለቤተሰቡ በየወሩ አይከፍልም። ጡረታው ግን መብቱ ካለ ለትዳር ጓደኛ የሟቹን አበል 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ 20 በመቶ ይሰጣል።

በየዓመቱ ሥራ የምትቀይሩ ወጣቶች ስሙ። ከመንግሥት ወደ ግል፣ ከግል ወደ መንግሥት ብትሻገሩ አገልግሎታችሁ ተያይዞ ይታሰብላችኋል። የሚጠፋው መሻገሩ ሳይሆን መረጃው ነው። ድርጅቱ ይዘጋል፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ ትለቃለች፣ ፋይሉ ዝናብ በሚያፈስ መጋዘን ይጣላል፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ «እዚያ ሠርቻለሁ» ማለት ብቻውን ዋጋ የለውም። ከመልቀቃችሁ በፊት የተቀጠራችሁበትንና የለቀቃችሁበትን ቀን፣ ደመወዛችሁን፣ የጡረታ መዋጮ ሲከፈልላችሁ መቆየቱን የሚገልጽ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ውሰዱ። የየወሩን የደመወዝ ወረቀት አትጣሉ። የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን በቃል እወቁ፤ አዲሱ አሠሪ ሌላ ቁጥር እንዳያወጣላችሁ ያንኑ ስጡት።

መቆረጡንም ገቢ መሆኑንም አታምታቱ። ከደመወዛችሁ ተቀንሶ ገቢ ያልተደረገበት ጊዜ አለ፤ ሠራተኛው የሚያውቀው አበል ሊጠይቅ ሲሄድ ነው። አሠሪዎች፣ 7 በመቶው የናንተ ገንዘብ አይደለም፤ ደመወዝ ከተከፈለበት ወር ማብቂያ ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ከ11 በመቶው ጋር ገቢ ልታደርጉት ሕግ ያስገድዳችኋል። የጥሬ ዕቃ መግዣ ስታጡ በሠራተኛው እርጅና መበደር ነውር ነው። ሠራተኞችም ቢያንስ በዓመት አንዴ በግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማህበራዊ ዋስትና አስተዳደር ቅርንጫፍ ቀርባችሁ በቁጥራችሁ ስንት ወር እንደተመዘገበ ጠይቁ። የሁለት ወር ክፍተት ዛሬ በአንድ ደብዳቤ ይስተካከላል።

የልደት ዘመንም አለ። የጡረታ ዕድሜ የሚታሰበው መጀመሪያ ስትቀጠሩ ባስመዘገባችሁት ነው፤ ሥራ ለማግኘት ብሎ ዕድሜ የጨመረ ሰው በጨመረው ልክ ቀድሞ ይሰናበታል፣ አገልግሎቱም ያጥራል። ስማችሁ ደግሞ በሕይወት ታሪክ ቅጹ ላይ «ፀሐይ»፣ በመታወቂያ ላይ «ጸሃይ»፣ በባንክ ደብተር ላይ ሌላ እንዳይሆን እዩት። ለጆሮ አንድ የሆነው ስም በመስኮቱ በኩል ላለው ባለሙያ ሁለት ሰው ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ማስረጃ ፍለጋ የምትመላለሱት በደከመ ጉልበት ነው። ካገባችሁ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን፣ ከወለዳችሁ የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት በዚያው ዓመት ወደ ፋይላችሁ አስገቡ፤ ያልተመዘገበች ሚስት ባሏን ቀብራ ስትመለስ ሚስት መሆኗን በፍርድ ቤት ለማስመስከር ትገደዳለች።