500 ስትሉኝ ጥፋቱ የማን ነው?

አሁን ከስብሰባ ወጣሁ፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

ክፍያ የሚያስተናግዱልን ሰዎች ጠዋት ደወሉ። አለቃዬ ስፒከር ላይ አደረገው። «ሰርቨራችንን እያጨናነቃችሁ ነው፣ አንድ ሪኩዌስት ደጋግማችሁ ትልካላችሁ፣ ኤፒአይ ኪያችሁን ዘግተነዋል» አሉ፤ የኛ ሲስተም ወደ እነሱ ሲስተም የሚገባበትን ቁልፍ ማለታቸው ነው። ሎጉን ከፈትኩ። አንዲት ደንበኛ በ07 በሚጀምር ቁጥር ልትከፍል ሞክራለች፤ የነሱ ሲስተም ከ09 ሌላ አያውቅም። ሳፋሪኮም ሥራ የጀመረው እኮ በ2015 ዓ.ም. ነው!

ሰርቨር ለተላከለት ጥያቄ ውጤቱን በቁጥር ኮድ ነው የሚናገረው። እሺ፣ 07ን አታውቁትም እንበል። 400 መልሱልኛ፣ «የላክኸው ልክ አይደለም» የሚለውን! የሱ ቢጤ የሆነው 422ም ይሁን፣ አልጣላችሁም። 400 ይሻላል 422 ብሎ የሚከራከረኝ ሰው ባገኝማ ቡና በጋበዝኩት። እነዚህ የሚመልሱት ግን 500 ነው። 500 ማለት «አንተ ምንም አላጠፋህም፣ እኔ ጋ ተበላሽቷል» ማለት ነው። የኛ ሲስተም ታዲያ አመናቸው። ትንሽ ጠበቀና በዚያው የማጣቀሻ ቁጥር እንደገና ሞከረ። ደግሞ ሞከረ። 400 ቢያገኝ ኖሮ እዚያው አቁሞ ሴትዮዋን «በዚህ ቁጥር አይሠራም፣ ሌላ ያስገቡ» ይላት ነበር።

ይህን ሳስረዳ የደወለው ሰውዬ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ወንድሜ፣ እሱ ቁጥር ብቻ ነው፤ ዋናው መልእክቱ ነው። አታነቡም እንዴ?»

መልእክቱ! መልእክቱ የሚለው «ስህተት ተፈጥሯል» ነው። የቱ ጋ? የማን?

«ስህተቱን የላካችሁት እናንተ አይደላችሁም?» ይለኛል ደግሞ። እኮ! የኔ ከሆነ በ4 የሚጀምር ኮድ ስጠኛ! አለቃዬ ዞር ብሎ አየኝና «ታዲያ አንተ ለምን ቀድመህ አላጣራህም?» አለኝ፣ ሰዎቹ እየሰሙ። ዝም አልኩ። ምን እላለሁ?

እኔ የፈጠርኩት ሕግ አይደለም። የድረ ገጽ መግባቢያ ደንብ በሆነው አርኤፍሲ 9110 ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው፣ ተጽፏል፦ ጠያቂው ሲሳሳት በ4፣ መላሹ ሲያቅተው በ5። ጥያቄ ከበዛባችሁም 429 አለላችሁ። ስንት ሰከንድ እንደምንጠብቅ ከመልሱ ጋር ሪትራይ አፍተር በሚባለው መስመር ጻፉልን፣ እንጠብቃለን። ኪይ መዝጋት ምን አመጣው?

ደክሞኛል፣ እውነቴን ነው። ከነሱ በፊት የነበሩት ሁሉን ነገር በ200፣ «ተሳክቷል» በሚለው ኮድ፣ ነበር የሚመልሱት። ሪስፖንሱን ስትከፍተው ውስጡ «አልተሳካም» ይላል፤ ሳይከፈልበት ተከፍሏል ተብሎ የወጣውን ዕቃ ማታ ማታ ከሒሳብ ክፍሏ ልጅ ጋር ስንለቅም ከረምን። ሌሎቹ ደግሞ ቶክን፣ ማለትም የመግቢያ ፈቃዳችን፣ ጊዜው ሲያልፍ 401 («ማንነትህን አረጋግጥ») በማለት ፈንታ 404 («የጠየቅኸው አልተገኘም») ይሉ ነበር። አድራሻው ተሳስቶ ነው ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ዶክመንቴሽናቸውን፣ ያንን ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ፣ ሳገላብጥ ዋልኩ።

አሁን ኪዩን ለመክፈት ማኅተም ያለበት የይቅርታ ደብዳቤ አምጡ ብለዋል። ጸሐፊው እኔ ነኝ። 500 ለላኩልኝ ሰዎች፣ እኔ ይቅርታ! ሴትዮዋም እስካሁን አልከፈለችም።