ስልኩ ያያቸው መላእክት

ለጥምቀት ጎንደር ስንሄድ ልጄን ደብረ ብርሃን ሥላሴ አስገባሁት። አሜሪካ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ መጀመሪያ ወንበር ነው የሚፈልገው። ጣሪያውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የመላእክት ፊት ተደርድሮ፣ ሁሉም ዓይኑን አፍጥጦ። ፍላሹን አጥፍቶ ስልኩን ወደ ላይ አቀና። "አባዬ፣ ና እይ!" መላእክቱ ለካሜራው ሰው መስለውት ፊታቸው ላይ ቢጫ ካሬ ይሠራል። አንዱን ይይዝና ይለቃል፣ ወደ ጎረቤቱ ይዘላል።

ጠባቂው አባ ቀረብ አሉ። "ምን አገኘ?" ነገርኳቸው። "እኔንስ ያውቀኛል?" ልጁ ስልኩን ወደሳቸው አዞረ። ካሬው ጥምጥማቸው ሥር ቁጭ አለ። "ተመስገን፣ ተቆጥረናል" ብለው ሳቁ።

ሥራዬ ኮምፒውተር ነውና ነገሩ ሲከነክነኝ ዋለ። እ.ኤ.አ. በ2001 የኮምፒውተር ተመራማሪዎቹ ፖል ቫዮላና ማይክል ጆንስ ያወጡት ዘዴ ፊትን የሚለየው በጨለማና በብርሃን ነው። ዓይን ያለበት ከጉንጭ ይጠቁራል፣ አፍንጫው ከዓይኖቹ ይፈካል። ፊት ለፊት የሚያይ ሰው ይወዳል፤ ወደ ጎን ከዞረ ይጠፋበታል። የኛ የጥንት ሠዓሊዎች ደግሞ ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በጎን በአንድ ዓይን ነው የሚሥሉት። ቫዮላና ጆንስ ሳያውቁት ጻድቃንን ብቻ የሚያይ ማሽን ሠርተው ነበር። (የዛሬ ስልክ በጎንም ያያል፤ ምሕረቱ በዝቷል።)

እኛ ያለንበት ሳን ፍራንሲስኮ ኤክስፕሎራቶሪየም የሚባል የሳይንስ ሙዚየም አለ። የአቶም ቦምቡ ኦፐንሃይመር ታናሽ ወንድም ፍራንክ እ.ኤ.አ. በ1969 የከፈተው ነው። ከ1974 ጀምሮ የጥበብ ሰዎችን እያስገባ ያሠራል። እዚያ "አትንካ" የለም። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መብራት ነጭ ግድግዳ ላይ ይበራል፤ ሦስቱ ሲደመሩ ነጭ ናቸው። ፊታቸው ስትቆም ጥላህ ሦስት ቦታ ይከፈልና ቀለም በቀለም ይሆናል። የስልክህ ስክሪን የሚሠራውም በእነዚሁ በሦስቱ ነው። ልጆቹ ይህን እየጨፈሩ ያዩታል። ለአራት ሰው ከመቶ ዶላር በላይ ከፍያለሁ፤ አይቆጨኝም።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ጎንደር አንድ ትምህርት ቤት ጎራ ብዬ ነበር። ኮምፒውተሮቹ አሉ፤ በጨርቅ ተሸፍነዋል። ቁልፍ የያዘው ሰውዬ ስብሰባ ላይ ነው። ልጆቹ በመስኮት ያዩአቸዋል። "እንዳይበላሹ ነው" አሉኝ። ማንም ሳይነካው ያረጀ ኮምፒውተር ታዲያ ምን ሆነ ይባላል?

እኛ ልጅ ሳለን የተጣለ የፊልም ቁራጭ እንለቅም ነበር። የተቃጠለ አምፖል ሆዱን አውጥተን ውኃ እንሞላለን። ደጅ ያለው ልጅ ፀሐይን በመስታወት በበሩ ቀዳዳ ያስገባል፤ ብርሃኑ በፊልሙና በአምፖሉ ያልፋል። ጨለማው ክፍል ግድግዳ ላይ ሲኒማ! መግቢያው አንድ ብይ። ከተያዝን ደግሞ ዱላ አለ።

ልጄ "አሳየኝ" አለ። የድሮውን አምፖል ፒያሳ ሱቅ ለሱቅ ፈለግን፤ ሁሉም ኤልኢዲ ሆኗል። እህቴ ከጓዳ አንድ አወጣች። ፊልም ስላጣን ልጁ ላስቲክ ላይ በማርከር የመልአክ ፊት ሣለ፣ ዓይኑን ትልቅ አድርጎ። የእህቴ ልጅ መስታወት ይዞ ደጅ ወጣ። መልአኩ ግድግዳው ላይ ተዘቅዝቆ ታየ። ልጄ ስልኩን ደቀነ፤ ምንም የለም። ላስቲኩን ገለበጠው። ቢጫዋ ካሬ ትንሽ ተንቀጠቀጠችና ቁጭ አለች።

ደጅ ያለው "ኧረ ክንዴ ደከመ! ተራዬ!" እያለ ይጮሃል።