ማስተካከያ፦ የታይሮይድ የዓይን ሕመምና ቀዶ ሕክምናው

ስለ ታይሮይድ የዓይን ሕመም ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ «ዕጢው (አንገት ላይ ያለው ታይሮይድ) ከታከመ የፈጠጠው ዓይን በራሱ ይመለሳል» የተባለው ትክክል አይደለም። ሕመሙ የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ከዓይን ኳስ ጀርባ ያለውን ስብና ጡንቻ ሲያጠቃ ነው፤ ስለዚህ ሆርሞኑ ተስተካክሎም ዓይን እንደፈጠጠ ሊቀር ይችላል። እንዲያውም ዕጢውን በጨረር የሚያክመው የራዲዮአክቲቭ አዮዲን ሕክምና፣ በተለይ በሚያጨስ ሰው ላይ፣ ሊያባብሰው ይችላል። ሲጋራ ማቆም የግድ ነው፤ ይህ ስንት ጊዜ ቢነገር አይበዛም።

«ቀዶ ሕክምናው ቶሎ ይደረግ» የሚለውም ይታረም። የእይታ ነርቭ ተጨምቆ ወይም ኮርኒያ (የዓይን የፊት ለፊት ብርሃን አሳላፊ ሽፋን) ተጎድቶ ካላስቸኮለ በቀር፣ ሕመሙ ረግቶ 6 ወር ያህል እስኪቆይ ይጠበቃል። መጀመሪያ የዓይን ጉድጓዱ ሰፋ ይደረጋል፣ ቀጥሎ የዓይን ጡንቻው፣ በመጨረሻ የዓይን ቆቡ ይስተካከላል። ሦስቱም ለሁሉም ታካሚ አያስፈልጉም።

ያልተጠቀሰም አለ። በቀዶ ሕክምናው የዓይን ጉድጓዱ አጥንት ከተነካ በኋላ ሐኪሙ እስኪፈቅድ መናፈጥ ክልክል ነው፤ አየር ከሳይነስ (በአፍንጫ ዙሪያ ካለው ክፍት ቦታ) ወደ ዓይን ጉድጓድ ሊገባ ይችላል። ማስነጠስ ከመጣ አፍን ከፍቶ ነው። ትራስን ከፍ አድርጎ መተኛት እብጠትን ይቀንሳል። አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት ሊከሰት ወይም ሊብስ ይችላል፤ ለዚህ በኋላ መፍትሔ አለው። እይታ በድንገት ከቀነሰ ወይም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሥቃዩ እየጠነከረ ከሄደ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ።