ፍራሽ ሁሉ በአንድ ቁና ሲሰፈር

ባለፈው ዓመት ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፍራሽ ገዛሁ። ደረሰኙን ሳየው ከዋጋውና ከታክሱ ሌላ አንድ መስመር አለ፦ የፍራሽ መልሶ መጠቀሚያ ክፍያ፣ 16 ዶላር። ወረድ ስል ያው መስመር ተደግሟል። ለካ ከፍራሹ ሥር የሚገባው ቦክስ ስፕሪንግም ራሱን ችሎ ይቆጠራል። ሻጩን ምንድነው ብለው «የስቴቱ ነው» አለኝ። አዲሱን ቤቴ ድረስ ስታመጡልኝ አሮጌውን ትወስዱልኛላችሁ ወይ ብለው ደግሞ «እሱን አንተው እወቅበት» አለ።

ሁለቱም መልስ ልክ አልነበረም። ገንዘቡ ወደ ስቴቱ ካዝና አይገባም። የአሜሪካ ፍራሽ አምራቾች ማኅበር ያቋቋመው፣ የፍራሽ ሪሳይክሊንግ ካውንስል የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው ሰብስቦ ሥራ ላይ የሚያውለው። ካልሪሳይክል የሚባለው የስቴቱ መሥሪያ ቤት ዕቅዱንና በጀቱን ያጸድቃል፣ ይቆጣጠራል። አሮጌውን በተመለከተም ሕጉ ግልጽ ነው፦ ካሊፎርኒያ ውስጥ አዲስ ፍራሽ ቤት ድረስ የሚያደርስ ሻጭ አሮጌውን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ልውሰድልህ ማለት አለበት። በኢንተርኔት የሚሸጡትም ከ2021 ጀምሮ ይኸው ግዴታ አለባቸው (ዘመኑን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ይህን በኋላ ነው ያወቅሁት። ያን ቀን የከፈልኩበትን አገልግሎት ትቼ፣ አሮጌውን ፍራሽ በጓደኛዬ ፒካፕ ጭኜ ስዞር ዋልኩ።

ቢሆንም ክፍያው ይነሳ አልልም። እንዲያውም በዚህ ጉዳይ ከአንዳንድ ወዳጆቼ ጋር ተጣልቻለሁ። ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ቡና ይዘን ይህን ባነሳ፣ አንዱ «ይሄ ስቴት እንቅልፍም ላይ ቀረጥ ጣለ» ብሎ አሳቀን። ቀልዱ ጥሩ ነው፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ኦክላንድ የሚኖር ሰው ፍራሽ የሚጣለው የት እንደሆነ ያውቃል። ድልድይ ሥር፣ የባቡር ሐዲድ ዳር፣ የትምህርት ቤት አጥር ጥግ ነው። ከተማው ያነሳዋል፣ በማግስቱ ሌላ ተጥሎ ያድራል። ሰው ይህን የሚያደርገው ክፉ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ፍራሽ በሚጣልበት ቀን ገንዘብ የሚጠይቅ አሠራር ሲኖር፣ ከፍሎ የሚጥለው ገንዘቡም መኪናውም ጊዜውም ያለው ነው። ሌላው ጨለማን ይጠብቃል። ገና ሲገዛ አብሮ ከተከፈለ ግን በኋላ ጨለማ የሚጠብቅበት ምክንያት ግማሹ ይነሳለታል። አበው ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ነው።

ማሳቹሴትስ ሌላ መንገድ መርጣለች። ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ ፍራሽ ከሌላ ቆሻሻ ጋር እንዳይጣል ከለከለች፤ ሲገዛ የሚከፈል የስቴት ክፍያ ግን አልደነገገችም። ወጪው በየከተማው ላይ ወደቀ፣ ከተማው ደግሞ ወደ ነዋሪው አዞረው። እገዳው መልካም ነው፤ ሂሳቡ ግን የሚመጣው ሰውየው አሮጌ ፍራሹን ደረጃ ላይ አቁሞ ላቡን በሚጠርግበት ሰዓት ነው። ከሁለቱ የካሊፎርኒያን እመርጣለሁ።

ኮኔቲከት፣ ሮድ አይላንድና ካሊፎርኒያ የክፍያውን ሕግ ያወጡት በአንድ ዓመት፣ በ2013 ነው። መጀመሪያ ሥራ የጀመረችው ኮኔቲከት ናት፣ በሜይ 2015። ካሊፎርኒያ በዚያው ዓመት ማብቂያ ተከተለች፣ ሮድ አይላንድ በ2016። ኦሪጎን በ2022 ሕጉን አጽድቃ በጃንዋሪ 2025 ስትጀምር ክፍያውን 22 ዶላር ከ50 ሳንቲም አለችው። ካሊፎርኒያ በ11 ዶላር ነበር የጀመረችው፤ በ2018 ወደ 10 ዶላር ከ50 ዝቅ አደረገችው፣ በ2024 ደግሞ ወደ 16 ዘለለ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ቅሬታዬ ክፍያ መኖሩ ላይ ሳይሆን ክፍያው አንድ ዓይነት መሆኑ ላይ ነው።

ፍራሽ ሲፈታ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ሠራተኛው በቢላዋ ዙሪያውን ይቀደዋል፣ የላዩን ጨርቅ እንደ ቆዳ ይገፈዋል፣ ስፖንጁን ለብቻ፣ ጥጡንና ቃጫውን ለብቻ፣ ብረቱን ለብቻ ያስቀምጣል። ብረቱ ታጭቆ ወደ ማቅለጫ ይሄዳል። ስፖንጁ ተፈጭቶ ተጨምቆ ከምንጣፍ ሥር የሚነጠፍ ይሆናል። ጥጡ ለፋብሪካ ማጣሪያና መሙያ ይውላል፣ የቦክስ ስፕሪንጉ እንጨት ተፈቅፍቆ አትክልት ቦታ ላይ ይበተናል። ከአንድ ፍራሽ ውስጥ ከሦስት አራተኛ በላዩ እንዲህ ተመልሶ ሊሠራበት ይችላል። በዚህ ሥራ ከሕጉ አሥር ዓመት በላይ የቀደመው በኦሪጎን ዩጂን ከተማ ያለው የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ማኅበር ነው፤ ሥራ ለማግኘት ለተቸገሩ ሰዎች እንጀራ ይሆናል ብሎ ነበር የጀመረው።

ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው የድሮው ፍራሽ ላይ ነው። በድሮው ፍራሽ ሞላዎቹ እርስ በርስ በሽቦ የተሳሰሩ ስለሆኑ ጨርቁ ሲገፈፍ ብረቱ እንዳለ አንድ ላይ ይወጣል። ዛሬ የሚወደደው ግን ሞላው እያንዳንዱ በየራሱ ትንሽ ከረጢት የተሰፋበት ነው። ሲተኙበት ይመቻል፣ የጎን ባልደረባ ሲገላበጥ አይነቀንቅም፤ ይህን አልክድም። ሲፈታ ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሞላዎች እያንዳንዳቸው በሰው ሠራሽ ጨርቅ ተጠቅልለው ይወጣሉ። በእጅ ከረጢት ከረጢቱን ሲቀዱ መዋል አይቻልም፣ ለዚሁ የተሠራ ማሽን ያስፈልጋል። ካልሆነም ብረቱ ከነጨርቁ በወረደ ዋጋ ይሸጣል። ንብርብር ስፖንጁ በማጣበቂያ የተለሰነውም እንደዚያው ነው። አንዱ ፍራሽ ሠራተኛውን ደቂቃዎች ያደክመዋል፣ ሌላው ከዚያ እጅግ የበለጠ ጊዜ ይወስድበታል። ሁለቱም ግን ደረሰኝ ላይ 16 ዶላር ናቸው።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው «ፍራሽ አዳሽ!» የሚለውን ጩኸት አይረሳውም። እኛ ሰፈር የሚመጣው ሰውዬ ዋጋ ከመናገሩ በፊት ፍራሹን በእጁ ይጨብጠዋል። ጥጡ ምን ያህል እንደተጓጎለ፣ ከረጢቱ እንደገና የሚሰፋ መሆን አለመሆኑን፣ ትኋን መኖር አለመኖሩን አይቶ ነው የሚጠይቀው። እናቴ «ባለፈው በዚህ አሳድሼ» ብላ ስትከራከር፣ «እትዬ፣ ያኛው ጥጡ ልስልስ ነበር፣ ይኼ ድንጋይ ሆኗል» ይላታል። ከዚያ ግቢው ውስጥ ዘርግፎ በዱላ እየደበደበ ያፍታታውና ፀሐይ ያስመታዋል። ዋጋ በድካም ልክ መሆኑን ያ ሰውዬ ያለ ምንም ሕግ ያውቅ ነበር። በካሊፎርኒያ ዋና ከተማ በሳክራሜንቶ በጠበቃና በኢኮኖሚስት የተጻፈ ሕግ ግን ይህን አጥቷል።

አምራቾቹ የሚሰጡትን መልስ እገምታለሁ፣ ቀላልም አይደለም። ከወጪው ቀላል የማይባለው የመሰብሰብና የማጓጓዝ ነው፤ ፍራሽ ደግሞ ውስጡ ምንም ይሁን ምን መኪና ላይ የሚይዘው ቦታ ያው ነው፤ ሻጩን ሃያ ዓይነት ክፍያ ስጠው ብትሉት አሁን በአንዱም እያምታታ ነው። እውነት ነው፣ እኔም ያጋጠመኝ ሻጭ ምስክር ነው። ግን እኔ ሃያ ዓይነት አልጠየቅሁም። ሁለት ወይም ሦስት ደረጃ ይበቃል፦ በቀላሉ የሚፈታ፣ መካከለኛ፣ አስቸጋሪ። ደረጃውን የሚያወጣው ሻጩ መሆን የለበትም፣ ድርጅቱ ለአምራቹ በየሞዴሉ ቁጥር ሊሰጠው ይችላል። የፈረንሳይ የ2020 ፀረ ብክነት ሕግ አምራቾች የሚከፍሉት መዋጮ ዕቃው ለመጠገንና ለመልሶ መጠቀም በሚያመችበት መጠን እንዲለያይ ያዛል። ለፍራሽ ሻጩ ደረሰኝ ላይ የሚያሳየው ክፍያም በስፋቱ ይለያያል። የፈረንሳይ ሱቆች ይህን ከቻሉ የሎስ አንጀለስ ሱቅ የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም።

ሌላም አለ። 16 ዶላር በ200 ዶላር ፍራሽ ላይ 8 በመቶ ነው። በ3,200 ዶላር ፍራሽ ላይ ግማሽ በመቶ ብቻ ነው። አዲስ መጥቶ አፓርታማ የሚጋራ ልጅ፣ በሌሊት ኡበር እየነዳ ለሚስቱ መምጫ ቤት የሚያዘጋጅ ሰው፣ የሚገዛው የ200 ዶላሩን ነው፤ ከቦክስ ስፕሪንጉ ጋር ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ርካሹ ፍራሽ ብዙ ጊዜ ለመፍታትም ቀላሉ ነው፦ ተራ ሞላ፣ ወይም አንድ ወጥ ስፖንጅ። ስለዚህ ዛሬ ድሃው በቀላሉ በሚፈታ ፍራሹ የሀብታሙን ባለ ብዙ ንብርብር ፍራሽ እየደጎመ ነው። ይህን ሆን ብሎ ያቀደ ሰው የለም፣ ውጤቱ ግን ይኸው ነው።

ዋናው ነገር ደግሞ አምራቹ ጋ ነው ያለው። ፕሮግራሙን የሚመራው አምራቾቹ ያቋቋሙት ድርጅት ነው፣ ገንዘቡን የሚከፍለው ደግሞ ገዢው። አስቸጋሪ ፍራሽ የሠራ ኩባንያ ከጎረቤቱ አንድ ሳንቲም አብልጦ ካላወጣ፣ የሚቀጥለውን ሞዴል ለመፍታት እንዲያመች አድርጎ የሚሠራበት ምን ምክንያት አለው? የብረትና የስፖንጅ ቁርጥራጭ ገበያ ሲቀዘቅዝ ወይም የሠራተኛ ደመወዝ ሲጨምር ጉድለቱ የሚሞላው ክፍያውን ለሁሉም ከፍ በማድረግ ነው።

ልዩነቱ ደረሰኝ ላይ ቢታይ ግን ገዢውም ማየት ይጀምራል። አንዱ ፍራሽ 8 ዶላር ሌላው 24 ዶላር ሲል ሰው «ለምን?» ይላል። ያን ቀን ሻጩ «የስቴቱ ነው» ብሎ አይገላገልም።

የመጨረሻው ነጥቤ ከሁሉ ያናደደኝ ነው። ክፍያው የሚጣለው በአዲስ ፍራሽ ላይ ብቻ አይደለም፣ ታድሶ በሚሸጥ ፍራሽ ላይም ነው። አንድ ፍራሽ አዲስ ሲሸጥ ተከፍሎበታል። አንድ ሰው ወስዶ፣ ፈትቶ፣ አጽድቶ፣ ጨርቁን ቀይሮ ለሁለተኛ ቤተሰብ ሲሸጠው እንደገና ይከፈልበታል፤ የሚጣለው ግን አንድ ጊዜ ነው። ፍራሹን ከቆሻሻ መጣያው ዓመታት ያዘገየው ሰው ዕቃው ላይ የደረሰው ሌላ 16 ዶላር ነው። ካልሪሳይክል ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ስብሰባዎቹ አስተያየት ይቀበላል፣ በጽሑፍም መላክ ይቻላል። እኔ የምልከው በዚህ ነጥብ ይጀምራል፦ ለታደሰ ፍራሽ ክፍያው ዜሮ ይሁን።